የመቂው ልጅ

ማናሴ ጫምሳ ደራሲ ነው ሲባል አዳማ ውስጥ የሚስቁ ሰዎች አሉ። ይሳቁ። ሁለት መጽሐፍ አሳትሟል፤ ከሚስቁት ውስጥ አንዱን እንኳ አንብቦ የጨረሰ የለም። እኔ ግን ታሪኩን ስለማውቀው ሳቅ አይመጣልኝም።

የተወለደው ከመቂ ወዲህ ባለችው ከተማ፣ ዓለም ጤና ነው። አባቱ ሽንኩርት አምራች ነበሩ። ቤት ውስጥ የሚነገረው ኦሮምኛ ሲሆን አማርኛውን የለቀመው ከትምህርት ቤትና ከአዲስ አበባ ሽንኩርት ሊጭኑ ከሚመጡ ሾፌሮች ነው፤ ስድቡንም ጨዋታውንም አብሮ። የውኃ ፓምፑን ጠብቅ ተብሎ ማሳ ዳር ሲላክ እስክሪብቶና ወረቀት ይዞ ይሄዳል፤ ፓምፑ ነዳጅ ጨርሶ ቀጥ ሲል እሱ አይሰማም። በዚህ የተነሳ አንድ ማሳ ሽንኩርት እንዳለ ደርቆ አባቱ «አንተን ከማስተምር ጉድጓድ ባስቆፍር ይሻለኝ ነበር» እንዳሉት እየሳቀ ያወራ ነበር። አሁን ስለራሱ አያወራም።

አዳማ መጥቶ ኮሌጅ ገባ፣ ወጣ፣ ሥራ ሲያጣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ ከሚጽፉት ሰዎች መሀል ተቀመጠ። ሥራው እጁ ገባለት። ባሏ ከቤት ያባረራት ሴት፣ መሬቱን ወንድሙ የነጠቀው ገበሬ፣ ደመወዙ የተያዘበት ዘበኛ፣ ሁሉም ማናሴ ጋ ካስጻፈ ዳኛው እስከ መጨረሻው ያነባል ይባል ነበር። ከሥራ ሲመለስ ደግሞ ልብወለዱን ይጽፋል። የመጀመሪያውን «ሽንኩርት ጫኝ» ብሎ አዲስ አበባ አሳተመው። ምረቃው ላይ እንግዳው ቆሎውን ቆርጥሞ፣ ለስላሳውን ጠጥቶ፣ ፎቶውን ተነስቶ ወጣ። የመናኸሪያ አዟሪዎች ርዕሱን አይተው የንግድ መጽሐፍ መሰላቸውና ሀብታም ለመሆን ከሚያስተምሩት ጋር ደረደሩት። የተረፈው በካርቶን ተመልሶ አልጋው ሥር ገባ። ሁለተኛውን ደግሞ አንድ የማይታወቅ ሰው ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። አገር አነበበው፤ ለእሱ ግን ጠብ ያለለት ነገር የለም።

የሚኖረው በእትዬ ዘርፉ ግቢ ውስጥ፣ ከኋላ ባለችው ሰርቪስ ቤት ነው። እትዬ ዘርፉ ባላቸው ቀደም ብለው የሞቱባቸው፣ ገበያ ውስጥ ቅመም እየሸጡ አንድ ልጃቸውን ሀኒን ብቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ማናሴን ተከራይ ነው ብለው አይጠሩትም፤ «የቤቱ ልጅ» ነው የሚሉት። ከሳቸው ጋር ይበላል፣ ቆርቆሮው ሲያፈስ ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ ዘይት ሲጠፋ ሰልፍ ይቆማል።

ሀኒ ጸጉር ቤት ትሠራ ነበር። የማናሴን ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት የምታነበው እሷ ናት። ሲያሞካሽ አትወድም፣ ሲራቀቅ ታዛጋለች፣ የወደደችውን ቦታ ደግሞ ደንበኛዋ ጸጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር እንደተቀመጠች ጮክ ብላ ታነብላታለች። አንድ ቀን ጸጉር እያበጠረች፣ ዞር ብላ እንኳ ሳታየው፣ «ማናሴ፣ አንተ ታሪኩ ሲጠፋብህ ሴቷን ትገድላታለህ። ሰው መግደል በጣም ይቀልሃል» አለችው። ተቀየማት፤ ስንት ቀን አኮረፋት። ከዚያ ቁጭ ብሎ መጽሐፎቹን ገለጠ። እውነቷን ነው፤ በሁለቱም ውስጥ አንዲት ሴት እንኳ በሕይወት መጨረሻው ገጽ ላይ አልደረሰችም።

ይወዳት ነበር። ይኼን ሰፈሩም አያውቅ፣ እትዬ ዘርፉም አያውቁ፣ እሷም አላወቀች። የሰውን ሁሉ በደል በአንድ ገጽ አሳምሮ የሚጽፍ ሰው የራሱን ጉዳይ በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር አቃተው። ቤይሩት በሰው ቤት ልትሠራ ስትነሳ የጉዞ ፎርሙን የሞላላት እሱ ነው። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ሲል አውሮፕላኑ ተነሳ። ምን ዓይነት ጅልነት ነው ይኼ!

ሞቷን የሰማው ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ቁጭ ብሎ ለአንድ ገበሬ ማመልከቻ እየጻፈ ነው። የደወለችው አብራት የምትኖር ጓደኛዋ ናት፤ ቁጥሩን ሀኒ ሰጥታት ኖሯል። ከፎቅ ወደቀች አለችው። ወደቀች ይሁን፣ ተገፋች ይሁን፣ ራሷ ዘለለች ይሁን፣ ማን ብሎ ማንን ይጠይቃል? ማናሴ ስልኩን ዘጋ። ገበሬው ፊት ለፊቱ ቆሞ ስለነበር ማመልከቻውን ጨረሰለት። ምን እንደጻፈለት እስከ ዛሬ አያውቅም።

መርዶ በአንድ አፍ አይነገርም። የዕድሩ ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፣ ሊነጋጋ ሲል አብረው ይሄዳሉ፣ የሚደግፍና የሚይዝ ሰው በዙሪያ ይቆማል፣ ያኔ ይነገራል። ስለዚህ ማናሴ በቀጥታ የሄደው የዕድሩ ሰብሳቢ ወደሆኑት ወደ አቶ ኃይለየሱስ ነው። አዛውንቱ አስቀምጠው ሰሙት። ችግሩ ገብቷቸዋል። እትዬ ዘርፉ በዚያው ሰሞን የዓይን ሞራ ተገፎላቸው ዓይናቸው በፋሻ ታሽጎ ተኝተዋል። አንደኛው ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ የቀረቻቸው ይቺው የተሠራችው ናት። ሐኪሙ ቁስሉ አስጊ ነው ብሎ ፋሻው ለሳምንታት እንዳይነሳ፣ እንዳይጎነበሱ፣ ዓይናቸውን እንዳያሹ፣ ከሁሉ በላይ እንዳያለቅሱ አስጠንቅቆ ነው የሸኛቸው። ሬሳው ደግሞ እዚያው በወረቀት ጉዳይ ተይዟል፤ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም።

ሽማግሌዎቹ ተመካክረው ዓይናቸው እስኪድን መርዶው እንዲቆይ ወሰኑ። ግን ሀኒ በየእሑዱ ነበር የምትጽፍላቸው፤ ዝም ካለች ምን ይባላል? አቶ ኃይለየሱስ ወደ ማናሴ ዞሩ።

«አንተ ደራሲ አይደለህ?» አሉት። «የእናቷ ዓይን እስኪድን ልጅቷን በሕይወት አቆያት።»

ነገሩ እንዲህ ተጀመረ። እትዬ ዘርፉ በፋሻ ስለታሰሩ ስልካቸውን የሚይዝላቸው እሱ ነው። እሑድ ሲመጣ አጠገባቸው በርጩማ ላይ ቁጭ ይላል፣ ምንም ያልተጻፈበትን ስልክ ፊቱ ላይ ይደቅናል፣ ያነባል። እመቤቷ ተራራ ላይ ወዳለ ቤት ወስዳታለች አለ፤ ኔትወርኩ ደካማ ስለሆነ መደወልም ድምፅ መላክም አይቻልም፣ ጽሑፍ ብቻ ነው የሚያልፈው። ከዚያ የሀኒን ወሬ ይቀጥላል። እመቤቷ ለድመቷ የምታበስለውን፣ ሕፃኑ አማርኛ እንዴት እንደጀመረ፣ «እሙዬ፣ ቅመሙን ለዚያች ነዝናዛ ሴትዮ በዱቤ እንዳትሰጪ» የሚለውን ሁሉ። እትዬ ዘርፉ እየሳቁ «ይቺ ቀበጥ!» ይላሉ። እውነቱን የሚያውቁት የጎረቤት ሴቶች ሊጠይቁ መጥተው ሲሰሙ ቆይተው፣ አንድ ባንድ ተነስተው ጓሮ ይወጣሉ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጠቅጥቀው ያለቅሳሉ፣ ፊታቸውን ታጥበው ይመለሳሉ።

ማናሴ በሕይወቱ እንደዚያ ጥሩ አድርጎ አልጻፈም። አንድ ቃል ወረቀት ላይ ሳያሰፍር የሠራት ሀኒ ትስቃለች፣ ትቆጣለች፣ እናቷን ትፎግራለች። ሴት በእጁ ስትኖር የመጀመሪያ ጊዜው ነው። ይኼንን ራሱም ያውቀዋል፤ በማወቁም ያፍራል፤ እያፈረም እሑድን ይናፍቃል። ደራሲ የሚባል ፍጡር እንዲህ ነው፤ ቤት እየተቃጠለም ቢሆን ጥሩ የሚያዳምጠው ካገኘ ወሬውን አያቆምም።

ታዲያ እናት እናት ናት። አንድ እሑድ ወሬው ሲያልቅ እትዬ ዘርፉ አልሳቁም።

«ማናሴ፣ ልጄ የደበቀችኝ ነገር አለ» አሉ። «ደህና ነኝ ደህና ነኝ ታበዛለች። ድምጿን ያላሰማችኝ በኔትወርክ አይደለም።» እጃቸው ወደ ፋሻው ሄደ። 

ማናሴ ደነገጠ። ሊያለቅሱ ነው፣ ያቺው የቀረች ዓይናቸው ልትጠፋ ነው። ልጅ ከእናቷ ምን ትደብቃለች? በሽታ እንዳይል ይብሳል። ብቻ አንድ ነገር አፉ ላይ መጣለት፤ ስልኩን እንደገና አነሳና ገና አሁን የደረሰ መልእክት አለ ብሎ አነበበ፦ እሙዬ፣ ሳልነግርሽ የቆየሁት ነገር አለ፣ እንዳትቆጪኝ፣ አንድ ልጅ አለ።

ቶኩማ አለው ስሙን። የመቂ ልጅ ነው፣ እዚያው ቤይሩት ሾፌር ነው፣ ጭምት ነው፣ እናቱን ይወዳል። ሀኒን ገበያ መንገድ ላይ እቃ ሲከብዳት አይቶ ነው ያገዛት። እትዬ ዘርፉ እጃቸውን ከፋሻው አወረዱ። ከዚያ ሳቁ፤ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ እንደዚያ ስቀው አያውቁም። «እኔኮ አውቄያለሁ!» አሉ፣ የማናሴን ጭን እየመቱ።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረበት። አላቆመም። እትዬ ዘርፉ በየእሑዱ ስለ ልጁ ይጠይቃሉ፤ እሱ ይመልሳል። ቶኩማ ትንሽ ይንተባተባል አለ። ቶኩማ ሀኒን እንደሚወዳት ለመናገር ወራት ፈጅቶበት በመጨረሻ አንድ ቀን በድፍረት ተናገረ አለ። ይኼን ሲል ድምፁ ተሰበረ፤ እትዬ ዘርፉ ግን ጉንፋን መሰላቸው። እሱ ያልደፈረውን ያ የሌለው ልጅ ደፈረለት። ከዚያም የማይባለውን አለ፤ ቶኩማ ለዘመዶቹ ነግሯል፣ በቅርቡ ሽማግሌ ይልካል።

ይኼን ሁሉ ለዕድሩ ሰዎች አልነገረም፤ የጎረቤት ሴቶቹ መስማቱ ከብዷቸው እሑድ እሑድ መምጣት ትተዋል፣ እትዬ ዘርፉም ሽማግሌ ሳይመጣ ወሬ አይወጣም ብለው ለሰው አልተነፈሱም። አቶ ኃይለየሱስ መንገድ ላይ ባገኙት ቁጥር እንዴት ነው ብለው ይጠይቁታል፣ እሱም ደህና ናቸው ብሎ ያልፋል። ምን ይበል? ለሞተች ልጅ ባል አገኘሁላት ይበል?

ፋሻው ከተነሳላቸው በኋላ ዓይናቸው ብርሃንና ጥላ መለየት ጀመረች፤ ከሰሞኑ ፊት መለየት ትጀምራለች ተብሏል። ይኼኔ ሬሳው ቅዳሜ ቦሌ ይገባል የሚል ወሬ መጣ። ከዚህ በላይ ማቆየት የማይሆን ነገር ነው። ቅዳሜ ሊነጋ ሲል መርዶው እንዲነገር ተቆረጠ።

ማናሴ ዓርብ ከሰዓት ወደ እትዬ ዘርፉ የገባው ቶኩማን ሊያስቀርላቸው ነው። ተጣሉ ሊል፣ ሌላ አገባ ሊል፣ ዋሻት ሊል፣ ብቻ ሽማግሌ አይመጣም ሊል። አሳቡን አዘጋጅቷል። ሲገባ እትዬ ዘርፉ ጸጉራቸውን ተሠርተዋል። ወንበሮቹ ሁሉ ተወልውለው ግድግዳ ተደግፈው ተደርድረዋል። ለዓመት በዓል እንኳ የማይወጣው ጥልፍ ቀሚሳቸው በር ላይ ተሰቅሏል። ሽማግሌ ሳይነገር ነው የሚመጣው፣ ቤቱ ተዝረክርኮ እንዳያዋርደኝ አሉት።

«እትዬ፣ ይኼ ቶኩማ…» ብሎ ጀመረ።

«ምነው? ምን ሆነ?» እጃቸው ወደ ዓይናቸው ተነሳች።

«ደህና ነው» አለ ማናሴ።

በሁለት መጽሐፍ ውስጥ ያንን ሁሉ ሴት የገደለ ሰው አንድ የመቂ ሾፌር መግደል አቃተው። ከዚያ ወጥቶ አቶ ኃይለየሱስ ደጅ ሄዶ ቆመ። ይንገራቸውና ይገላገል እንጂ! ሌላ መላ ይፈልጋሉ፣ ቢያንስ ሴቶች ቀድመው ገብተው እትዬ ዘርፉን ያዘጋጇቸዋል። አዛውንቱ ወጥተው ምነው ልጄ አሉት። ማናሴ ነገ ስንት ሰዓት ነው የምንገናኘው ብሎ ጠየቀ። አሥራ አንድ ተኩል አሉት። እሺ ብሎ ተመለሰ።

ቅዳሜ ገና ባጃጆች መንጫጫት ሳይጀምሩ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ለብሰው ግቢው በር ላይ ደረሱ። አቶ ኃይለየሱስ ከፊት፣ ማናሴ ከኋላ። ሴቶቹ ከአጥሩ ውጭ ተጠግተው ቆመዋል። አቶ ኃይለየሱስ አንኳኩ። እትዬ ዘርፉ ቶሎ ከፈቱ። በጎህ ብርሃን ጋቢውን፣ ከዘራውን፣ የተሰለፉትን ሽማግሌዎች አዩ። ለማየት የተሠራችው ዓይን መጀመሪያ በደንብ ያየችው ይኼን ነው። እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ኋላ ተመለሱ። መጣሁ ብለው ጓዳ ገቡና ጥልፍ ቀሚሳቸውን ለብሰው ወጡ።

ሽማግሌዎቹ ገብተው ቆሙ። መርዶ የሚናገር ሰው ቁጭ አይልም። ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌም እሺ እስኪባል ቁጭ አይልም። እትዬ ዘርፉ ቆመው ሲያዩዋቸው ፊታቸው ፈካ።

«የኔው ዕድር ለመቂ ሰው ሽማግሌ ሆነ?» አሉ እየሳቁ። «ጉድ ነው፣ አቶ ኃይለየሱስ። አያስለምኑኝ፣ እኔ እንደ ሌላው ሰው አላመላልስም። ሀኒም ወዳዋለች። ሰጥቻለሁ። ቁጭ በሉ።»

የተቀመጠ የለም። አቶ ኃይለየሱስ ስንት ቤት መርዶ የተናገሩ ሰው ናቸው፤ እንዲህ ያለ ገጥሟቸው አያውቅም። ቀስ ብለው ወደ ማናሴ ዞሩ። ሁሉም ዞሩ። የእትዬ ዘርፉ ፈገግታ ገና ፊታቸው ላይ ነበር፤ ምን እንደሚሆን አጥቶ እዚያው ቆየ።

የተናገረው ማናሴ ነው። መርዶ እንዲህ ይነገራል የሚባለውን ሁሉ ረስቶት «እትዬ፣ ሀኒ ሞታለች። ከሞተች ቆየች። በሷ ስም ስነግርዎት የነበርኩት እኔ ነኝ» አለ።

እትዬ ዘርፉ ወዲያው አልጮኹም። «ቶኩማስ?» አሉ።

«ቶኩማ የለም።»

ያኔ ጮኹ። ሴቶቹ ሮጠው ገቡ። ዓይናቸውን በሁለት እጃቸው ሲቧጥጡ የያዛቸው ሰው ብዙ ነበር፤ ግን ማን ያሸንፋቸዋል! በጥልፍ ቀሚሳቸው መሬት ላይ ተንከባለሉ። በዚያው ቀን ሬሳው ሲገባም ያንኑ ቀሚስ እንደለበሱ ነበር፤ ያውልቁት ብሎ የደፈራቸው የለም። ሲያለቅሱም «ሙሽራዬ» እያሉ ነው ያለቀሱት፤ ሰዉ ሳታገባ ለሞተች ልጅ የሚባለው ወግ መሰለው።

ያቺ የቀረች ዓይናቸው ጠፋች። ሐኪሙ ሌላ ነገር ማድረግ አይቻልም አለ። ዕድሩ ማናሴን አልቀጣውም፣ ስሙንም አልሰረዘውም፤ ግን ለቅሶ ቤት ሲገባ አጠገቡ የሚቀመጥ የለም። የመናኸሪያው መጽሐፍ ሻጭ ኢሕሳን ታሪኩን ሰምቶ፣ በል ይኼን ጻፈው፣ ይኼ ይሸጣል ብሎ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ድረስ መጥቶ ነበር። ማናሴ የያዘውን ማመልከቻ እንደጎነበሰ ጨርሶ፣ ሌላ ባለጉዳይ ጠርቶ፣ ኢሕሳንን ቀና ብሎ ሳያየው ቀረ። ልብወለድ ከዚያ በኋላ አልጻፈም።

ከሰርቪሷ ቤት ግን አልወጣም። እትዬ ዘርፉም ውጣልኝ አላሉትም። ምግባቸውን ያደርስላቸዋል፣ ፀሐይ ሊሞቁ ሲፈልጉ ክንዳቸውን ይዞ በረንዳ ያወጣቸዋል። አይነጋገሩም። አርባዋ ካለፈ በኋላ አንድ ረፋድ ላይ፣ በረንዳው ላይ እንደተቀመጡ፣ እትዬ ዘርፉ ራሳቸው ጀመሩ።

«አንተን የምጠላህ በውሸቱ አይደለም» አሉት። «ለዓይኔ ብላችሁ ነው፣ ገብቶኛል። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ከእኔ ሌላ የሚያለቅስላት አንድ ሰው ያለ መስሎኝ ነበር። አንድ የወደዳት ሰው። እሱም የለም አልከኝ።»

ማናሴ እግራቸው ሥር ቁጭ አለ።  ያንን ሁሉ ዓመት፣ ፎርሙን ሲሞላላት፣ አውሮፕላን ጣቢያ ሲሸኛት፣ ያልወጣው ዓረፍተ ነገር አሁን ወጣ።

«አለ፣ እትዬ» አለ። «እኔ እወዳት ነበር። እስከ ዛሬም እወዳታለሁ።»

እትዬ ዘርፉ ለአፍታ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ራሱን ፈለጉና፣ እንደ ልጅ፣ አንዴ ዳበሱት።

«ይኼኛውን ተረት እንኳ ተወኝ፣ ልጄ» አሉት። «ደክሞኛል። አስገባኝ።»

ክንዳቸውን ይዞ አስገባቸው።